ሴቭ ባደረግሁ ቁጥር

ጉብሬ ካለው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በቅርቡ የተመረቀ ልጅ አብሮኝ ሊሠራ መጣ። ስክሪኔን ሲያይ ቆይቶ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር ሳያዙት ለምንድነው ራሱን የሚያስሮጠው?» አለኝ። ፋይሉን ሴቭ ባደረግሁ ቁጥር የፓይዘን ቴስቶቼን የሚያስሮጠው ፓይተስት ይነሳል፤ ሁሉም ካለፉ አረንጓዴ፣ አንድ እንኳ ከወደቀ ቀይ ያሳያል። ልጁም ቴስት ይጽፋል፤ የሚያስሮጠው ግን «ሲጨርስ» ነው።

ጠባችን እዚህ ላይ ነው። ቴስት የሚሮጥበትን ሰዓት ፕሮግራመሩ ከወሰነ፣ የሚያስሮጠው ልቡ ሲያምን ብቻ ነው። የጠረጠረውን ቦታ ነገ አየዋለሁ ብሎ ያልፈዋል። ስለዚህ ሥልጣኑ ከእጁ መውጣት አለበት። በዚህ ከማንም ጋር አልደራደርም።

የሰጠሁት ሥራ የኛን ቀን ወደ ፈረንጅ ቀን የሚቀይር ትንሽ ፈንክሽን ነበር። ጉራጌ አገር ቀን የሚቀይር ሰው መጀመሪያ የሚሞክረው መስከረም 17ን ነው፤ ለመስቀል ሁሉም አገሩ ይገባል። ልጁ የ2017ን ሞከረ፤ ሴፕቴምበር 27 ወጣለት፤ ልክ ነው። የ2016 መስቀል ግን ሴፕቴምበር 28 ነው የዋለው፤ የ2015 ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበራታ። ዓመተ ምሕረቱ ለአራት ተካፍሎ ሦስት ሲተርፍ ጳጉሜን ስድስት ትሆናለች። ልጁ ይህን ሲሰማ ለ2016 ቀኖች በሙሉ አንድ ጨመረ። ሴቭ። መስቀል አረንጓዴ ሆነ፤ ወዲያው ሚያዝያ 1 ቀላ። ፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29ን ሲጨምሩ የአንድ ቀኑ ልዩነት ይጠፋል፤ ሚያዝያ 1 በ2016ም በ2017ም ኤፕሪል 9 ነው። ጥፋቱን ለመፈለግ አልደከመም፤ ከአረንጓዴው ወዲህ የነካው አንድ መስመር ብቻ ነበር። ማታ «ሲጨርስ» አስሮጦት ቢሆን ኖሮ ከየት እንደመጣ ሲያስስ ያመሽ ነበር።

አዲስ አበባ ያለ አንድ ወዳጄ በዚህ ሁልጊዜ ይከራከረኛል። ያላለቀ ኮድ ላይ ቀይ ሲበራ ሐሳብ ይቆርጣል ይላል። መልሴ ይኸው ነው፦ ቀዩ ረጅም ሰዓት ከቆየ ፈንክሽኑ ተልቋል ማለት ነው፤ ይከፋፈል። ዳታቤዝ የሚነካ ቴስትም ከዚህ ዙር ይውጣ፤ መልሱ ከዘገየ እጅ ወደ ስልክ ይሄዳል። ደግሞ የኔ አመል ብቻ አይደለም፦ ኤምአይቲ ውስጥ ዴቪድ ሳፍና ማይክል ኧርንስት እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት ቴስታቸው ራሱን እያስሮጠ የሠሩ ተማሪዎች የቤት ሥራቸውን በትክክል ጨርሰው የማስረከብ ዕድላቸው ያለሱ ከሠሩት ጋር ሲነጻጸር ሦስት እጥፍ ነበር። ወዳጄ ይህንንም ነግሬው አልተመለሰም። እሱ ዞር ብሎ የሚጠይቀው ባልደረባ አለው። እኔ ቡታጅራ ለብቻዬ በሠራሁባቸው ዓመታት «ተው፣ ይሄ ልክ አይደለም» የሚለኝ ቴስቱ የሚሮጥበት ተርሚናል ብቻ ነበር። መብራት ሲጠፋ እንኳ የሚጎድለኝ ከኮዱ ይልቅ የሱ መልስ ነበር።

ከሥራ ሰዓት ውጭ የምጽፈው የጉራጊኛ ቃላት መዝገብም በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው። የሰባት ቤት ጉራጌ ፊደላት ዩኒኮድ ውስጥ የገቡት እ.ኤ.አ. በ2005 ነው፤ ሌሎች የጉራጊኛ ፊደላት ደግሞ በ2021 ተጨመሩ። ሁለቱም ከዋናው የግዕዝ ፊደል ክልል ውጭ ተቀመጡ። ስለዚህ «ይህ የኛ ፊደል ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ፈንክሽን ዋናውን ክልል ብቻ ካየ የአባቴን ቋንቋ ፊደል አይደለም ብሎ ይጥለዋል። እነዚያን ፊደላት ቴስቱ ውስጥ አስገብቻቸዋለሁ፤ እንዲህ ያለ ፈንክሽን ከሌላ ቦታ ቀድቼ ሴቭ ባደረግሁ ቁጥር ቀይ ይበራል፤ ደስ ይለኛል።

ቃላቱን ከእናቴ በስልክ ነው የምለቅመው። ቅደም ተከተል የሚያወጣው ፈንክሽን ገና ቀይ ነው። ፓይዘን ፊደልን በዩኒኮድ ቁጥሩ ስለሚደረድር የሰባት ቤቶቹን ከፐም፣ ከቁጥሮቹም ኋላ ይወረውራቸዋል፤ እኔ ደግሞ ከመ፣ ከበ፣ ከፈ እና ከፐ ዘመዶቻቸው አጠገብ ነው የምፈልጋቸው።