ቀዶ «ጥገና» የሚለው ቃልና የደጋው ሕፃን

በቋንቋችን ሐኪም ቀዶ ይጠግናል ስለምንል፥ ስሙ ራሱ ገና ከመቅደዱ በፊት ተስፋ ይሰጣል። የፈረንሳይ ሐኪሞች ፎንታንና ቦዴ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1971 ዓ.ም. ያሳተሙት ጽሑፍም አርእስቱ «ጥገና» ይላል። ውስጡ ግን የልቡ ቅርጽ እንዳልታረመ፥ የደሙ መንገድ ብቻ እንደ ተስተካከለ ያስረዳል። እኛ ከአርእስቱ ይልቅ ውስጡን እንቀበላለን።

ከሁለቱ የታች የልብ ክፍሎች አንዱ ብቻ ለሚሠራለት ሕፃን፥ ዛሬ በዚህ ዘዴ ከሰውነት የሚመለሰው ደም በቀጥታ ወደ ሳንባ ይመራል። የሚገፋው ልብ ስለሌለ፥ የሳንባ ሥሮች ካልሰፉ ደሙ አያልፍም። የቀድሞው መመዘኛ የሳንባው ደም ቅዳ ግፊት ከ15 ሚሊሜትር ሜርኩሪ እንዳይበልጥ የሚያዘው ስለዚህ ነው።

ቦርዶ፥ ፎንታን የሠራበት ከተማ፥ ለባሕር ወለል ቅርብ ነው። ደብረ ብርሃን ግን 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። በደጋ አየሩ ሲሳሳ የሳንባ ሥሮች ይጠባሉ፤ ግፊቱም ይጨምራል። ከፍታ ቀዶውን ይከለክላል አንልም፤ በዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ይሠራል።

ፎንታን ራሱ በ1990 ሁሉ ቢሟላ እንኳ ከ15 ዓመት በኋላ በሕይወት የሚቈዩት 73 ከመቶ መሆናቸውን ገመተ። እንዲህ ሥራውን የሚመረምር ደራሲ ብርቅ ነው። ቢሆንም ይህን ቍጥር ለአንኮበር ልጅ እንዳለ መስጠት አይገባም። ስለ ውጤት የሚጽፉ ሁሉ የልጁን መኖሪያ ከፍታ ይጻፉ፤ በጣት የሚለካው ኦክሲጅንም ከሆስፒታል በሚወጣበት ቀን ብቻ ሳይሆን ከቤቱ ከተመለሰ በኋላ፥ በደብረ ብርሃን ይለካ።