ያዘነበለ ግድግዳ፣ የቆመ ሥዕል

የኒው ዮርኩ ጉገንሃይም ሙዚየም በኪነ ሕንፃነቱ ብዙ ተወድሷል። እዚህ የምመዝነው ግን በሥዕል መስቀያነቱ ነው፤ የታነጸው ለዚያ ነውና። አርክቴክቱ ፍራንክ ሎይድ ራይት ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1943 ተረከበ፤ ሙዚየሙ በ1959 ከመከፈቱ ስድስት ወር ቀደም ብሎ አረፈ።

መዋቅሩ በአንድ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ተመልካቹ በአሳንሰር ወደ ላይ ይወጣል፤ ከዚያም መካከሉን ክፍት አድርጎ በሚዞረው ጠመዝማዛ መንገድ ሥዕሎቹን እያየ ቁልቁል ይመጣል። ከጉልላቱ የሚወርደው ብርሃን አብሮት ይጓዛል። አንዱን ሥዕል በቅርብ አይቶ ዘወር ሲል፣ ከማዶ ዝቅ ብሎ የተሰቀለውን ሌላውን ከሩቅ ያገኘዋል። የአንድን ሰዓሊ የዕድሜ ልክ ሥራ እንዲህ ፊት ለፊት የሚያነጻጽር ቤት ብርቅ ነው፤ በዚህ ራይት ሊቅ ነው።

ችግሩ ከግድግዳው ይጀምራል። ራይት ግድግዳውን ወደ ኋላ በ7 ዲግሪ ያህል አዘነበለው። ዓላማው ቅን ነበር፦ ሸራ በሰዓሊው ማቆሚያ ላይ ጋደል ብሎ እንደሚሣል፣ ጋደል ብሎ ይታይ፤ የላዩም ብርሃን ፊቱን ያግኘው። ሐሳቡ ያሳምናል፤ ልኩ ግን ይከዳዋል። ቁመቱ 2 ሜትር የሆነ ሸራ በዚያ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ አናቱ ከግርጌው 24 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይሸሻል። ወለሉም በ3 በመቶ ያህል ያዘቀዝቃል፤ ወርዱ 2 ሜትር የሆነ ሥዕል በውሃ ልክ ተስተካክሎ ቢሰቀል፣ አንዱ የታች ማዕዘን ከወለሉ ያለው ርቀት ከሌላው 6 ሴንቲ ሜትር ይበልጣል። ዐይን የሚፈርደው ከወለሉ ተነሥቶ ስለሆነ ቀጥ ያለው ሥዕል ጠማማ ይመስላል። ጣሪያውም ዝቅ ያለ ነው፤ ረጅም ሸራ አያስተናግድም።

በ1956 ቪለም ደ ኩኒንግና ፍራንዝ ክላይን ያሉበት 21 አርቲስቶች የተቃውሞ ደብዳቤ የጻፉት ይህን አስቀድመው ስላዩ ነው። የሙያ ሥጋታቸው እውነተኛ ነበር። መልሱን ያገኘው የሙዚየሙ ዳይሬክተር ጄምስ ጆንሰን ስዊኒ ነው፦ ሥዕሎቹን ከግድግዳው በሚወጡ የብረት ዘንጎች ላይ ቀጥ አድርጎ አቆማቸው። የራይትን ፈቃድ መጣሱ አያከራክርም። ለእኔ ግን ለሕንፃው የተደረገ ትልቁ ውለታ ነው፤ ዝንባሌው ከሸራው ኋላ ጥላ ሆኖ ቀረ፣ ሥዕሉም የራሱን ልክ አገኘ። የተፈጥሮውን ብርሃን ገፍቶ ሰው ሠራሹን መምረጡ ግን አላስፈላጊ ጭካኔ ነበር።

በ2018 የተከፈተው የስዊድናዊቷ ሂልማ አፍ ክሊንት አውደ ርእይ የሁለቱም ወገን ምስክር ሆነ። ሥዕሎቿ ጠመዝማዛ ቤተ መቅደስ ውስጥ እንዲኖሩ ስታልም የኖረች ሰዓሊ ናትና፣ ድባቡ ለእርሷ የተሠራ ይመስል ነበር፤ ከ600,000 በላይ ሰው ጎበኘው። ሆኖም ከ3 ሜትር በላይ የሚቆሙት 10 ታላላቅ ሥዕሎቿ የተሰቀሉት በጠመዝማዛው ላይ አልነበረም፤ ከግርጌው አጠገብ ባለው ከፍተኛ ጣሪያ ያለው አዳራሽ ነበር።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው፦ የራይት ሥራ ለተመልካቹ ጉዞ ወደር የለውም፣ ለሥዕሉ ማረፊያነት ግን ያልተጠናቀቀ ነው። በ1992 ከጎኑ የተጨመረው ሕንፃ ክፍሎች ወለላቸው ደልዳላ፣ ግድግዳቸውም ቀጥ ያለ ነው።