ከሥር የሚመጣ ሙቀት

በይርጋጨፌና በዙሪያዋ አዲስ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የሚያቋቁም ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ጥያቄ ያነሳል፤ የማድረቂያ አልጋው እንጨት በየጥቂት ዓመቱ ከሚበሰብስብኝና ምስጥ ከሚበላብኝ፣ ግቢውን አንዴ ሲሚንቶ አስለብሼ ለምን አልገላገልም? ሲሚንቶው ፀሐይ ይጠጣል፣ ቡናውን ከላይም ከሥርም ያሞቀዋል፣ ቶሎም ያደርቅልኛል። የገንዘብ ሂሳቡ ላይ አልከራከርም። የምከራከረው ቡናን የሚያደርቀው ሙቀት ነው በሚለው እምነት ላይ ነው። ቡናን የሚያደርቀው ነፋስ ነው፤ ሙቀት የነፋሱ ረዳት ነው። ረዳቱ አለቃ በሆነበት ሁሉ ቡናው ይጎዳል።

ከማጠቢያው የወጣ ቡና ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ይህ ከ10 እስከ 12 በመቶ እስኪወርድ ድረስ ውሃው ከፍሬው መሃል ተነስቶ ወደ ውጭ መውጣት አለበት፤ አወጣጡም ዝግ ያለ ነው። ገለባው ላይ የቀረው የማጠቢያ ውሃ ቶሎ ቢጠፋ ደግ ነው፣ የውስጡ ግን በግድ አይቸኩልም። ላዩን በኃይል ስናሞቀው ገለባው ይሰነጠቃል፣ ፍሬውም ውጩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል። የፍሬው ሙቀት ከ40 ዲግሪ እንዳያልፍ የሚመከረው፣ በቀትርም አልጋው የሚሸፈነው ለዚህ ነው። ብርድ አገር ያሉ ሰዎች የቤታቸውንና የመሥሪያ ቦታቸውን ወለል ሲሠሩ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ኮንክሪት ውስጥ ይቀብራሉ፤ ኮንክሪት ሙቀትን ቀስ ብሎ ተቀብሎ ቀስ ብሎ ስለሚለቅ ለእግር ይመቻል። ለቡና ግን ጉዳቱ እዚያው ጠባዩ ላይ ነው። በቀትር ስንሸፍነው የላዩን ፀሐይ እንከለክላለን እንጂ ጠዋት የተጠራቀመው ሙቀት ከሥር መምጣቱን አይተውም፤ የሲሚንቶ ወለል እሳቱን ልናጠፋው የማንችል ምድጃ ነው። ከመሸም በኋላ ወለሉ ገና እንደሞቀ ላስቲክ ስናለብሰው ከቡናው የሚወጣው እንፋሎት ወደታች መውጫ የለውም። ቀዝቃዛው ላስቲክ ላይ ውሃ ሆኖ ተመልሶ ቡናው ላይ ይንጠባጠባል። የሽቦ ወንፊት በተዘረጋበት አልጋ ላይ ግን እርጥበቱ በሥርም ይወጣል።

ብራዚልና ጓቲማላ ለዘመናት በሲሚንቶና በጡብ አውድማ አድርቀው ዓለምን ያጠጡ የለም ወይ የሚል አለ። እውነት ነው፤ ጥሩ ቡናም አድርቀዋል። ነገር ግን የብራዚል ለቀማ የሚውለው በደረቁ ወራት ነው፣ ወለሉም ላይ ቡናው ቀኑን ሙሉ ያለ ዕረፍት ይገላበጣል። የእኛ ለቀማ የሚጀምረው የጥቅምት ዝናብ ሳይለቅ ነው። ዩኔስኮ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ቡናውን ከእንሰትና ከትልልቅ ዛፎች ሥር የሚያበቅል አገር ነው። ይርጋጨፌን ይርጋጨፌ ያደረጋት ያ ጥላ አየሩንም እርጥብ ያደርገዋል፤ ፀሐዩ አጭር፣ ጤዛው ከባድ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ ከነፋሱ ጋር የሚሠራ እንጂ የሚዘጋው ወለል አይበጅም።

የአልጋ ወዳጆችንም አልምርም። ከወንፊቱ ላይ ድፍን ላስቲክ አንጥፎ ቡና የሚያሰጣ ሰው እግር ያለው የሲሚንቶ ወለል ሠርቷል። ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ አወፍሮ የሚቆልልም እንዲሁ ነው። እንጨቱ ይበሰብሳል የሚለው ክስ ግን ልክ ነው፤ መድኃኒቱም የብረት ቋሚ ነው እንጂ አልጋውን መተው አይደለም። አልጋ ደግሞ ከወገብ ከፍታ ላይ ስለሆነ ሴቶቹ ሳያጎነብሱ የተሰበረውን፣ የጠቆረውን፣ ነፍሳት የወጉትን ፍሬ ቀኑን ሙሉ ይለቅማሉ። የቡናውን ደረጃ የሚወስነው ከማሽኑ ይልቅ ይህ ለቀማ ነው፤ መሬት ላይ በርከክ ብሎ ደግሞ ማንም እንደዚያ ሊለቅም አይችልም።

ይህን ሥራ የምወደውም ለዚህ ነው፤ ማጠብ በሰዓታት ያልቃል፣ ማድረቅ ግን ሁለት ሳምንት ገደማ ሙሉ ትኩረት ይጠይቃል፣ የአበባና የሎሚ ጠረኑም የሚተርፈው ወይም የሚጠፋው እዚያ ነው። ለሲሚንቶ የተመደበ ገንዘብ ያለው ባለጣቢያ ቢኖር በማብላያ ገንዳውና በማጠቢያ ቦዩ ላይ ያውለው፤ እዚያ ልሙጥና ስንጥቅ የሌለው ሲሚንቶ የግድ ያስፈልጋል፣ በብዙ ጣቢያም የተጎዳው እሱ ነው።