ለዘንዶ ገዳይ የሚሰጥ ኒሻን

በሲኒማ ከአውሬና ከጭራቅ ጋር የሚዋጋ ጀግና ባየን ቁጥር፣ በመጨረሻው ላይ ሰልፍ ሲሰለፍለት፣ መለከት ሲነፋለትና ኒሻን ሲደረግለት ማየታችን የተለመደ ነው። ብዙ ሰዎች ይህን የልጅ ጨዋታ ነው ብለው ያልፉታል። በእኛ አስተያየት ግን ደራሲው ስለ ጀግንነት ያለው አሳብ ከውጊያው ይልቅ በዚሁ በሽልማቱ ሥነ ሥርዐት ይገለጣል።

ነገሩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በአክሱም አፈ ታሪክ አርዌ የሚባል ዘንዶ ሕዝቡን እያስገበረ ሲገዛ አንጋቦ በመርዝ ገደለው፤ ሕዝቡም ስለ ውለታው አነገሠው። ሠዓሊዎቻችን የንግሥተ ሳባን ታሪክ በተርታ በሚሥሉበት ሸራ ላይ ይህን በመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ያኖሩታል፤ ሲኒማ ሳይመጣ የነበረ ሲኒማ ማለት ይህ ነው። ብዙዎች እንደሚተርኩት መርዙን ወደ ዘንዶው ሆድ ያደረሰችው ፍየል ናት። አንጋቦ ዙፋን አገኘ፤ ፍየሊቱን ግን ያስታወሳት የለም።

ጆርጅ ሉካስ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው «ስታር ዋርስ» በተባለው ፊልምም የሆነው ይኸው ነው። ዓለማትን የሚያጠፋው መሣሪያ ከፈረሰ በኋላ ልዕልቲቱ ለሁለቱ ጎልማሶች ሜዳይ ስታጠልቅላቸው፣ አብሯቸው የተሰለፈው ጠጕራሙ ቹባካ ባዶ አንገቱን ቀረ። ተመልካቹ ይህን አልረሳም፤ ሜዳዩ በእጁ የገባው በ2019 በወጣው ተከታይ ፊልም ነው። እኛን ይልቅ የሚያስቆጨን በዚያ ውጊያ የወደቁት አብራሪዎች በበዓሉ ላይ ስማቸው እንኳ አለመጠራቱ ነው።

ከዚህ ይልቅ ኢሺሮ ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1954 በጃፓን የሠራው «ጎድዚላ» እጅግ ይሻላል። ዶክተር ሴሪዛዋ አውሬውን በገዛ ፈጠራው ከባሕር ውስጥ ይገድላል፤ ምስጢሩም ለጦርነት እንዳይውል ሲል እዚያው አብሮ ይሞታል። ኒሻን የለም። በመርከቡ ላይ የቀሩት ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዙረው ሰላምታ ይሰጣሉ፤ ከባሕሩም የሚመለስላቸው የለም።

ልብ ወለዱን ትተን እውነተኛ አውሬ ወደሚኖርበት አገር፣ ወደ ቋራና ወደ መተማ ቆላ እንውረድ። በቀድሞው ዘመን ዝሆን ወይም አንበሳ የገደለ ሰው እንደ ጦር ሜዳ ጀግና በጌታው ፊት ግዳይ ጥሎ ይፎክር፣ ይሸለምም ነበር። (በቋራ በአላጥሽ ዱር አንበሳ ዛሬም መኖሩ እ.ኤ.አ. በ2016 ተረጋግጧል።) ለአውሬ ገዳይ መሸለም ቀላል ነው፤ አውሬ የሚያለቅስለት እናት የለውምና፣ ሽልማቱ ማንንም አያሳዝንም።

ስለ መተማ ጦርነት ፊልም ለመድረስ የሚነሣ ወጣት ደራሲ ፈተናው እዚህ ላይ ነው። ድርቡሹን ጭራቅ አድርጎ ቢሥለው ሥራው ይቀልለታል። ነገር ግን ማዶ ያለችው ገላባት ከመተማ ዮሐንስ የምትለየው በአንዲት ትንሽ ወንዝ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜም ብዙ ስደተኛ ልጁን አዝሎ በዚያው በር ወደ መተማ ገብቷል። የእነዚህን ሰዎች አያቶች ዘንዶ አድርጎ የሚያሳይ ፊልም፣ መለከቱ ምንም ቢያምር፣ እኛ አናመሰግነውም።

ደግሞስ ሽልማቱን ማን ይሰጣል? በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከሁለቱም ወገን እጅግ ብዙ ሰው አለቀ። ድሉ ለኢትዮጵያ ወገን ሊሆን ሲቃረብ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በጥይት ተመትተው ሞቱ፤ ሸላሚው ራሳቸው ወደቁ፤ ሠራዊቱም ተበተነ። አስከሬናቸውን ይዘው የተመለሱትን ጥቂት ሰዎች ድርቡሾች ተከትለው ደረሱባቸው። ሽማግሌው አጎታቸው ራስ አርአያ ጥይታቸው ባለቀ ጊዜ ከሣጥኑ አጠገብ ቆመው በጋሻና በጎራዴ ሲከላከሉ እዚያው በጦር ተወግተው ሞቱ ይባላል። ደራሲው የመጨረሻውን ትርኢት ከዚህ ቢጀምር እንመክራለን፤ መለከት ነፊም አያስፈልገውም።