አሥሩ ጥያቄዎች በአማርኛ ሲነበቡ

ስለ ሕክምና መጠይቅ ሂስ መጻፍ እንግዳ ነገር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የሰውን ልብ ለማስከፈት የተጻፈ ማንኛውም ጽሑፍ በቃላቱ ይመዘናል። «የኤድንብራ የድኅረ ወሊድ ድባቴ መለኪያ» በመባል የሚታወቀው አጭር ጽሑፍ ከብዙ ልቦለዶች ይልቅ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሟል። ጆን ኮክስ፣ ጄኒ ሆልደንና ሩት ሳጎቭስኪ በስኮትላንድ አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ1987 ያሳተሙት ይህ ሥራ 10 ጥያቄዎች አሉት። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከ0 እስከ 3 ነጥብ የሚያዝላቸው አራት መልሶች ተሰጥተዋል፤ ድምሩ ከ30 አይበልጥም። በመጀመሪያው ጥናት 13ና ከዚያ በላይ ያገኘች እናት በባለሙያ እንድትታይ ይመከር ነበር። መጠይቁ በር ያንኳኳል እንጂ ፍርድ አይሰጥም።

የጽሑፉ ብልኅነት በተወው ነገር ላይ ይታያል። ስለ ድካም አይጠይቅም፤ ሕፃን ታቅፋ ያልደከመች እናት የለችምና። ስለ እንቅልፍ ሲጠይቅም የሕፃኑ ለቅሶ የነሣትን ሳይሆን የልቧ መከፋት የነሣትን እንቅልፍ ለይቶ ነው። የሚጠይቀው ስላለፉት 7 ቀናት ብቻ ስለሆነ እናቲቱ የሕይወት ታሪኳን እንድትተርክ አይገደድባትም። ቋንቋውም የሐኪም ቤት ሳይሆን የጓዳ ቋንቋ ነው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ የስኮትላንድ ጓዳ ቋንቋ የአማርኛ ጓዳ ቋንቋ አይደለምና።

ናይሮቢ ውስጥ ይህ ክፍተት በእጅጉ ይሰፋል። በኢስሊ የምትኖር አንዲት አማርኛ ተናጋሪ ወላድ፣ እ.ኤ.አ. በ1926 በተመሠረተው የፑምዋኒ የወሊድ ሆስፒታልም ሆነ በአካባቢዋ ክሊኒክ፣ የምትጠየቀው በኪስዋሂሊ ወይም በእንግሊዝኛ ነው። ጥያቄው ወደ አማርኛ የሚመለሰው በባሏ፣ በጎረቤቷ ወይም ትምህርት ቤት በገባ ልጇ አፍ ነው። በዚህ መንገድ የሚያልፉት ቃላት ምን ይደርስባቸዋል?

ስምንተኛው ጥያቄ ስለ ሐዘን ነው። የኪስዋሂሊው «ሁዙኒ» በዐረብኛ በኩል የገባ ቃል ሲሆን ከአማርኛው «ሐዘን» ጋር ሥሩ አንድ ነው። ስለዚህ አስተርጓሚው ሳያመነታ አንዱን በሌላው ይተካዋል። በአማርኛ ግን «ሐዘን ላይ ነሽ ወይ?» ማለት «ሰው ሞቶብሻል ወይ?» ማለት ነው። ሕፃን የታቀፈች አራስ «ኧረ እሱ ይጠብቀኝ!» ብላ ብትመልስ ቃሉን በትክክል ሰምታዋለች፤ የተፈለገው መልስ ግን አልተገኘም። እርሷ በራሷ ቋንቋ የምትለው «ሆዴ ባባ»፣ «ከፋኝ»፣ «ሁሉም ነገር አስጠላኝ» ነው። የአማርኛ መከፋት ቤቱ ሆድ ነው፤ ሆድን የማይጠይቅ መጠይቅ በሩን ስቶ ግድግዳውን ያንኳኳል።

አራተኛው ጥያቄ ከዚህ የባሰ ወጥመድ አለው። እናቲቱ «ያለ በቂ ምክንያት» ተጨንቃ እንደሆነ ይጠይቃል። አማርኛ ምጥን ራሱን «ጭንቅ» ይለዋልና ወላዷ የምጡን ሌሊት አስታውሳ «ተመስገን፣ አለፈ» ልትል ትችላለች። ከዚህም ይልቅ የሚከብደው «ያለ በቂ ምክንያት» የሚለው ሐረግ ነው። የቤት ኪራይ የደረሰባት፣ የስደተኛነት ወረቀቷ የሚታደስበት ቀን የቀረበባት፣ እናቷ ከሞያሌ ወዲያ የቀረችባት ሴት ምክንያት ሞልቷታል። ስለዚህ ጥያቄውን በሐቀኝነት ስትመልስ «የለም፣ እኔስ በምክንያት ነው የምጨነቀው» ትላለች፤ መዝጋቢውም ዜሮ ይጽፋል። እጅግ የተጨነቀችው ሴት በወረቀቱ ላይ እጅግ የተረጋጋች ሆና ትታያለች።

አማርኛ ግን ሁልጊዜ ተሸናፊ አይደለም። ስድስተኛው ጥያቄ በእንግሊዝኛው የጉዳይን ክምር በሰው ላይ የሚያሳይ ፈሊጥ የያዘ በመሆኑ በብዙ ቋንቋዎች ተርጓሚን ያደናግራል። አማርኛ ለዚህ «ብኝ» የምትባል ትንሽ ምዕላድ አለችው። «ተደራረበብኝ»፣ «ከበደብኝ»፣ «ጨለመብኝ» ሲባል ነገሩም፣ የወደቀበት ሰውም በአንድ ቃል ይታያሉ። እዚህ ላይ ትርጉሙ ከምንጩ ሊበልጥ ይችላል።

አሥረኛው ጥያቄ የሚጠይቀው እናቲቱ ራሷን የመጉዳት ሐሳብ መጥቶባት እንደሆነ ነው። አማርኛ ሞትን በፍቅር አፍ የሚጠራ ቋንቋ ነው። እናት ልጇን «ልሙትልህ» ትላለች፤ እንግዳ ስትጋብዝ «እኔ ልሙት፣ ብላ» ትላለች። ሲመራት ደግሞ «ምነው በሞትኩት» ትላለች። ይህ የመጨረሻው የንግግር ወግ ይሁን የእውነት ምኞት የሚለየው ቋንቋውን ከነድምፁ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። በኬንያ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ነበረ። የወንጀለኛ መቅጫ ሕጉ አንቀጽ 226 ራስን ለማጥፋት መሞከርን ይቀጣ ነበር፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ድንጋጌው ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል ሲል የወሰነው እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ነው። ሐሳቡ ራሱ ወንጀል ባይሆንም፣ ፖሊስን የምትፈራ ስደተኛ ይህን ልዩነት ታውቃለች ብሎ መጠበቅ አይቻልም። ባሏ እያስተረጎመ «አዎ» ትላለች ብሎ መጠበቅም እንዲሁ።

ይህ ሁሉ የቃላት ጨዋታ አለመሆኑን በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች ያሳያሉ። ሻርሎት ሃንሎንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት የቡታጅራ ጥናት ይህ መለኪያ በገጠር እናቶች ዘንድ በሚገባ አልሠራም፤ «አዎ» ወይም «የለም» ብቻ የሚያስፈልገው የዓለም ጤና ድርጅት ባለ 20 ጥያቄ መጠይቅ በልጦታል። ያኛው ስለ ራስ ምታት፣ ስለ ምግብ ፍላጎትና ስለ ሆድ ይጠይቃል። በ2010 በታተመው የአዲስ አበባ ጥናት ግን የኤድንብራው መለኪያ የተሻለ ውጤት አሳይቷል። ናይሮቢ ከሁለቱም ስፍራ የመጡ እናቶች የሚኖሩባት ከተማ ናት፤ አንድ ቅጂ ለሁሉም አይበቃም።

ከመተርጎም የተሻለ መንገድ በሐራሬ ታይቷል። ቪክራም ፓቴልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ሥራ የውጭ መጠይቅ ከመተርጎም ይልቅ የሾና ተናጋሪዎች ሕመማቸውን ከሚገልጹባቸው ቃላት 14 ጥያቄዎች አዘጋጁ፤ ከቃላቱ አንዱ «ከልክ በላይ ማሰብ» የሚል ትርጉም ያለው «ኩፉንጊሲሳ» ነው። በ2006 ዲክሰን ቺባንዳ የጀመረው «የወዳጅነት አግዳሚ ወንበር»ም በ14 አያቶች ተመሥርቶ ያንኑ ቃል መነሻው አደረገ። አማርኛም «ሐሳብ ገባኝ» ይላል። ጥያቄው ከዚህ ቢነሣ እናቲቱ መልስ አታጣም።

ይሁንና ጥሩ ጥያቄ ያለ እርዳታ ጭካኔ ነው። በፓኪስታን አቲፍ ራህማንና ባልደረቦቹ የመንደር ጤና ሠራተኞችን አሠልጥነው በየቤቱ የንግግር ድጋፍ ሰጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ከወሊድ 6 ወር በኋላ ድጋፉን ካገኙት እናቶች 23 በመቶ ብቻ፣ ካላገኙት ደግሞ 53 በመቶ በድባቴ ውስጥ ነበሩ። ሠራተኞቹ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች አልነበሩም።

የናይሮቢ አማርኛ ተናጋሪ ማኅበረሰብ ለዚህ የሚሆን ልማድ አለው። ገንፎው ይገነፋል፤ ጠያቂዎች «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያሉ ይገባሉ። ነገር ግን ሕፃኑ ታይቶ፣ ቡናው ተጠጥቶ ሁሉም ወደ ቤቱ ሲመለስ አራሷ ራሷ አልተጠየቀችም። የዕንባዋ ነገር ሲነሣ «ያልፋል» ይባላል። ከወሊድ በኋላ ባሉት ቀናት የሚመጣ የሆድ መባባት በእርግጥ ብዙ ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልፋል፤ ከዚያ ከቀጠለ ግን ሕክምና የሚያሻው ድባቴ ሊሆን ይችላል። የሌለ ድምፅ የምትሰማ ወይም ፍጹም የተምታታባት እናት ደግሞ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለባት።

ስለዚህ የሚያስፈልገው የተሻለ ወረቀት ብቻ አይደለም። ዘመድ ያልሆኑ፣ ምሥጢር የሚጠብቁ፣ ጥቂት ሥልጠና ያገኙና የት እንደሚልኩ የሚያውቁ ሴቶች ያስፈልጋሉ። ጊዜውም አለ፤ እናት ሕፃኗን በ6ኛው ሳምንት ለክትባት ይዛ መሄዷ አይቀርም። በዚያ ቀን አብራት የምትሄደው ሴት «ሕፃኑ እንዴት ነው?» ካለች በኋላ «አንቺስ፣ ሆድሽ እንዴት ነው?» ብትል አሥራ አንደኛውን ጥያቄ ጨመረች ማለት ነው። ከስኮትላንድ የመጡት አሥሩ ጥያቄዎች በአማርኛ የሚመለሱት ይህኛው ቀድሞ ሲጠየቅ ነው።