ስንብት ወይስ መባረር? በመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ደንብ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሒስ

የሙያ ቃላት ጥናት ሲነሣ በቅድሚያ የሚታሰቡት የሳይንስና የቴክኖሎጂ ቃላት ናቸው። በ1989 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት የዚሁ ጥረት ፍሬ ነው። ይሁን እንጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ከኬሚስትሪም ሆነ ከታሪክ ቃላት አስቀድሞ የሚገናኘው ከተቋሙ ደንብ ቃላት ጋር ነው። ስለ ክሬዲት፣ ስለ ማስጠንቀቂያ፣ ስለ ስንብትና ስለ ዳግም ቅበላ የሚናገረው ይህ የቃላት ክፍል ተገቢውን ምርመራ አላገኘም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም በዚህ ረገድ የሚታዩትን ጉድለቶች ማመልከት ነው።

በቅድሚያ የሕጉን ሁኔታ እንመልከት። በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረት የፌዴራል ሕጎች በነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ይወጣሉ፤ ሁለቱ ቢለያዩ የአማርኛው ይጸናል። ስለዚህ የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 ገዢ የሆነ የአማርኛ ጽሑፍ አለው። ነገር ግን የተማሪውን ዕጣ በየሴሚስተሩ የሚወስነው በየዩኒቨርሲቲው ሴኔት የሚጸድቀው ደንብ ነው። ይህ ደንብ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ በነጋሪት ጋዜጣም አይወጣም። አማርኛው የሚሰማው በሬጂስትራር መስኮት፣ በማስታወቂያ ሰሌዳና በተማሪዎች አንደበት ብቻ ነው። ላይኛው ሕግ በጽሑፍ ሲጸና ታችኛው በአፍ ትርጉም ይኖራል ማለት ነው። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ደንቦቹ ውጤቱ ላነሰ ተማሪ ማስጠንቀቂያን፣ ፕሮቤሽንንና ዲስሚሳልን በደረጃ ያስቀምጣሉ። ዲስሚሳልም ዳግም መቀበልን የሚፈቅድና ፈጽሞ የማይፈቅድ ተብሎ ይከፈላል። ከዚህ ሌላ በገዛ ፈቃድ ማቋረጥና በዲሲፕሊን ጥፋት መወገድ አሉ። በጠቅላላው አራት የመውጫ መንገዶች መሆናቸው ነው። በተለመደው አማርኛ ግን ለአራቱም የምናገኘው ሁለት ግሦችን ነው፤ «ተባረረ» እና «ተሰናበተ»።

«ተባረረ» ነውርን ያዘለ ቃል ነው። ዝንጀሮ ከማሳ፣ ሌባ ከገበያ ይባረራል። በሒሳብ ትምህርት ነጥብ ጎድሎት ለአንድ ዓመት ወደ ቤቱ የተመለሰ ልጅ «ተባረረ» ሲባል፣ በዳንግላ ወይም በእንጅባራ ያለ ወላጅ የሚረዳው ልጁ ያልሠራውን ጥፋት ነው። ተመልሶ ለመማር ማመልከት እንደሚችልም ከቃሉ አይረዳም፤ የማመልከቻው ቀን ሊያልፍበትም ይችላል።

«ተሰናበተ» ከነውር የነጻ ቢሆንም በሌላ በኩል ይጎድላል። በአማርኛ ተ- የሚለው ምዕላድ ተደራጊነትንም፣ ድርጊቱን ራስ በራስ መፈጸምንም ያመለክታል። እንግዳ ባለቤቱን ተሰናብቶ ይሄዳል፤ ሠራተኛም በአሠሪው ይሰናበታል። ስለዚህ «ተማሪው ተሰናበተ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ውሳኔው የተማሪው ይሁን የተቋሙ አይለይም። በደንቡ ግን በፈቃዱ ያቋረጠና በውሳኔ የተሰናበተ ተማሪ የመመለስ መብታቸው አንድ አይደለም። ሰዋስው አሻሚ ባደረገው ቃል ላይ መብትን መመሥረት አይገባም እንላለን።

ፕሮቤሽንን በተመለከተ ተርጓሚዎች «የሙከራ ጊዜ» እና «አመክሮ» በሚሉት መካከል ያመነታሉ። የመጀመሪያው በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ለአዲስ ተቀጣሪ የተሰጠ ስያሜ ነው፤ ተማሪው ግን አዲስ ገቢ አይደለም። «አመክሮ» በገዳም ሊመነኩስ የመጣ ሰው የሚፈተንበት ጊዜ ነው፤ በኋላም ለታራሚ በገደብ መለቀቅ አገልግሏል። ቃሉ የወህኒ ቤት ጠረን አለው የሚል ተቃውሞ ሊቀርብ ይችላል። ሆኖም በፈተና ላይ መሆንና ተስፋ አለመቆረጥ የሚሉት ሁለት ባሕርያት በገዳሙም በሕጉም ስለሚገኙ በበኩላችን «አመክሮ»ን እንመርጣለን።

በዲግሪ ስያሜም ተመሳሳይ ጉድለት ይታያል። በሶሲዮሎጂ የሚሰጠውን የአርትስ ዲግሪ «የኪነ ጥበብ ዲግሪ» ብሎ መተርጎም ባለዲግሪውን ሠዓሊ ወይም ተዋናይ ያስመስለዋል። «የመጀመሪያ ዲግሪ በሶሲዮሎጂ» የሚለው ጥሩ አማርኛ ነው፤ ይሁን እንጂ በአርትስና በሳይንስ ዲግሪ መካከል ያለውን ልዩነት ይሰውራል። ልዩነቱ በሚያስፈልግበት ሰነድ ቢኤ እና ቢኤስሲ የሚሉትን የውሰት አጠራሮች ማቆየት ይሻላል።

ሁሉም ስያሜ ግን አልከሸፈም። በ2015 ዓ.ም. በሁሉም የትምህርት መስኮች የተጀመረው «የመውጫ ፈተና» ትርጉሙ ከቃሉ የሚታይ በመሆኑ ሕዝቡ ወዲያው ተቀብሎታል። በዚያው ዓመት የመጣው «የአቅም ማሻሻያ» ግን ለሠራተኞች ሥልጠናም ስለሚነገር «ሪሚዲያል» የሚለውን ማሸነፍ አልቻለም። ከሁለቱ የምንማረው፣ ስያሜ የሚጸናው አገርኛ በመሆኑ ብቻ ሳይሆን ከጎረቤት ቃላት ተለይቶ በመቆሙም መሆኑን ነው።

ጉዳዩ በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር የበለጠ ይከብዳል። ብዙ ልጆች ትምህርታቸውን የሚጀምሩት በአውኚ ነው፤ ከዚያ በአማርኛ አልፈው በእንግሊዝኛ ወደሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ይገባሉ። ተማሪው የወጣውን ደረጃ የደንቡ ቃል ተመልሶ ይወርደዋል፤ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ቤተሰቡ አውኚ። አማርኛው ከተደናገረ መደናገሩ ወደ አውኚ ይሻገራል። ከዚህም በላይ አውኚ እንደ ጠ እና ጨ ያሉ በጉሮሮ ታፍነው የሚፈነዱ ድምፆች ስለሌሉት፣ «ማስጠንቀቂያ»ን የመሰለ ቃል መልኩን ሳይለውጥ አይገባበትም። ስለሆነም የአውኚ ባለሙያ መነሻው የአማርኛው ቃል ሳይሆን የጽንሰ ሐሳቡ ፍቺ ሊሆን ይገባል።

በዚህ መሠረት የሚከተለውን እናቀርባለን።

1ኛ. «በፈቃድ ማቋረጥ»፣ «የውጤት ስንብት»፣ «የመጨረሻ የውጤት ስንብት» እና «በዲሲፕሊን መባረር» ተለይተው ይሠራባቸው፤ «ተሰናበተ» ያለ ቅጽል ብቻውን በውሳኔ ደብዳቤ አይጻፍ።

2ኛ. የእያንዳንዱ ስያሜ ፍቺ ማን እንደሚወስን፣ መመለስ ይቻል እንደሆነና ጥፋትን ያመለክት እንደሆነ ይግለጽ።

3ኛ. ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎችን የሚያስተምረው የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ከመምህራን ትምህርት ኮሌጁ ጋር ሆኖ የእነዚህን ስያሜዎች የአማርኛና የአውኚ ዝርዝር ቢያዘጋጅ ለሌሎች ተቋማትም አርአያ ይሆናል።

ያቀረብናቸው ስያሜዎች ለውይይት እንጂ ለድንጋጌ አይደሉም። የተሻለ ቃል ያላቸው አንባብያን ከነምክንያቱ እንዲልኩልን እንጠይቃለን፤ በተለይም በሬጂስትራር ሥራ ላይ ያሉ ተርጓሚዎች።