ሕግ፣ ነጻነትና የአቶም መሣሪያ
(ስለ ኢ. ፒ. ቶምፕሰን አስተሳሰብ ከአሰላ የተሰጠ አስተያየት)

የታሪክ ጸሐፊ ስላለፈው ዘመን ብቻ ይጻፍ እንጂ በመንግሥት ነገር አይግባ የሚሉ ሰዎች አሉ። እንግሊዛዊው የታሪክ ሊቅ ኤድዋርድ ፓልመር ቶምፕሰን (1924–1993 እ.ኤ.አ.) ግን ይህን ምክር የተቀበለ ሰው አልነበረም። ሶሻሊስት ሆኖ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1956 የሶቪየት ጦር ሀንጋሪን በወረረ ጊዜ ከኮሙኒስት ፓርቲ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ እንግሊዝ ሠራተኛ መደብ አፈጣጠር ባሳተመው ታላቅ መጽሐፍ ደግሞ ተራው ሕዝብ የታሪኩ ሠሪ እንጂ ዕቃ አለመሆኑን አስረዳ።

የእኛን ልብ ይበልጥ የሚስበው ስለ ሕግ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1723 የእንግሊዝ ባለጸጎች ብዙ ጥፋቶችን በሞት የሚያስቀጣ አዋጅ ማውጣታቸውን ከመረመረ በኋላ፣ ሕግ የባለጸጎች መሣሪያ ነው ብሎ ብቻ አላበቃም። ሕግ ገዥውንም እንደሚያስር፣ ስለዚህም የሕግ የበላይነት ለሰው ልጅ ሁሉ በጎ ነገር መሆኑን ደመደመ። ጓደኞቹ በዚህ ቢቈጡም ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ሲሉ ኖረዋልና።

ነገር ግን አሳቡን በአርሲ ደጋ ምድር ብንመዝነው ጉድለቱ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት እርዳታ በአሰላ የተቋቋመው፣ ካዱ እየተባለ የሚጠራው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ አመጣ። መሬቱ ትርፍ መስጠት በጀመረ ጊዜ ግን ብዙ ባለመሬቶች ትራክተር አስገብተው ጭሰኛውን አስነሡ። የጭሰኛውን መብት ለመጠበቅ የተረቀቀው ሕግ ለፓርላማ ቢቀርብም ሳይጸድቅ ቀረ። ቶምፕሰን የሚያመሰግነው ሕግ ሊጠበቅ የሚችል ሕግ ነው፤ ያልወጣ ሕግ ግን ማንን ይጠብቃል?

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጠው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥም ወሰነ። ይህ ታላቅ ፍርድ ነበር። ሆኖም በ1970ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ያው ገበሬ በመንደር ምሥረታ ዘመቻ ቤቱን አፍርሶ እንዲሰፍር ሲታዘዝ፣ እንቢ የሚልበት ዳኛ አልነበረውም። መሬት ያለ ነጻነት ምን ያህል እንደሚያስተማምን ከዚህ ይታወቃል፤ በዚህም በኩል ቶምፕሰን ልክ ነው።

ስለ አቶም መሣሪያም የተናገረው ከዚሁ አሳብ የተቀዳ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 አውሮፓ ከፖላንድ እስከ ፖርቱጋል ከዚህ መሣሪያ እንድትጸዳ ከባልንጀሮቹ ጋር ጥሪ አደረገ። በምሥጢር የሚወሰን መሣሪያ የዜጎችን ነጻነት እንደሚበላ ገልጾ፣ የምዕራቡ ሰላም ፈላጊ ከምሥራቁ ነጻነት ፈላጊ ጋር እጅ ለእጅ እንዲያያዝ መከረ።

በእኛ አስተያየት ግን ዓይኑ ከአውሮፓ እምብዛም አልራቀም። በ1928 ዓ.ም. ከአይሮፕላን የዘነበው የጣልያን መርዝ፣ እ.ኤ.አ. በ1925 በጄኔቭ የተፈረመ ውል ብቻውን እንደማያድን ለኢትዮጵያ አስተምሯታል። ኅዳር 15 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከሌሎች አገሮች ጋር ባቀረበችው አሳብ፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በአቶም መሣሪያ መጠቀም በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል መሆኑን በ55 ድምፅ አወጀ፤ 20 አገሮች ተቃወሙ፣ 26 ድምፃቸውን አቀቡ። እ.ኤ.አ. በ1996 የተፈረመው የፔሊንዳባ ውልም አፍሪካን ከዚህ መሣሪያ ነጻ የሆነች ምድር አድርጓታል። የትንንሽ አገሮች ድምፅ እንዲህ ያለ ሥራ መሥራቱን የሰላም ታሪክ ጸሐፊ ሊዘነጋው አይገባም።

ይሁን እንጂ ትችቱ ወደ እኛም ይመለሳል። መንግሥታችን በኒው ዮርክ ለሰው ልጅ ሁሉ ሕግ ሲጠይቅ፣ የጭላሎ ጭሰኛ የሚጠጋበት ሕግ አልነበረውም። በውጭ የሚነገረው ፍትሕ በአገር ውስጥ ካልተሠራበት ክብሩ ጎደሎ ነው። መዝገብ የምንይዝ፣ ደብዳቤ የምንጽፍ ሠራተኞችና ወጣቶችን የምናስተምር መምህራን ከቶምፕሰን የምንማረው ይህን ነው፤ ሕግ ለአዛዡም ለታዛዡም እኩል ካልጸና፣ ትእዛዝ እንጂ ሕግ ሊባል አይገባውም።